የአሥራ አንድ ደቂቃ ዝምታ

ከሥራ በታገደች በአሥረኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴው ጠራት። ያን ጠዋት ፀጉሯን ሦስት ጊዜ አሰረችው፣ ሦስት ጊዜ ፈታችው። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሰብስባ በአንድ ፒን ያዘችውና ወጣች።

የሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ አባቷ ቆመዋል። የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፤ በዚያ በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። እንደማንኛውም ሠራተኛ መታወቂያዋን አዩ፤ ስሟን መዝገባቸው ላይ ጻፉ፤ የገባችበትን ሰዓት ከጎኑ አሰፈሩ። ልጃቸው ናት ብለው ያለ መታወቂያ አስገብተዋት አያውቁም። መታወቂያዋን ሲመልሱላት ግን ጣታቸው እጇ ላይ ትንሽ ዘገየ።

«አይዞሽ» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። እሷም ሆዷ እንዳይባባ ፈርታ ቀና ብላ ሳታያቸው አለፈች።

እሷን በጣቢያው የሚያውቃት ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የቀረጻ ክፍል ሰዎች ናቸው፤ እኛ ዘፈን በምንሰማበት እሷ የላላ ኬብል ትሰማለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሥራዋም ይኸው መስማት ነው። ከስቱዲዮ የሚወጣው ድምፅ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ወዳለው ማሰራጫ የሚደርሰው በሁለት ሳጥኖች አማካይነት ነው፤ አንዱ እሷ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ኮረብታው ላይ። የእሷ ሳጥን ድምፁን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በመስመር ይልከዋል፤ የኮረብታው ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። መስመሩ ሲቋረጥ ቀይ መብራት ይበራል፣ አላርም ይጮኻል። ከዚህ ሌላ ሳጥኑ የግንኙነት መዝገብ አለው። በስንት ሰዓት ተገናኘ፣ በስንት ሰዓት ተለያየ፣ ማን ምን ትእዛዝ ሰጠ፣ አንዱንም ሳያስቀር ይጽፋል። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ባለሙያው ምክንያቱን የሚሞላባት ጠባብ ቦታ አለች። የሁለቱ ፍቅር የተጀመረው እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው።

የኮረብታውን ሳጥን የሚጠብቀው ወጣት «ኮረብቴ» ይባላል። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ልጅ ነው። አባቱ ሥራውን ከሥሩ ይልመድ ብለው ለሁለት ዓመት ወደዚያ ላኩት። ከዚያ ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚያገባት ልጅ ጭምር ቤት ውስጥ ታስቦ ያለቀ ነገር ነበር። ጆሮም ይህን ታውቃለች። የኃላፊው መኪና ሲመጣ በሩን የሚከፍቱት የእሷ አባት ናቸው።

የዛሬ ሦስት ወር አካባቢ መስመሩ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተቋርጦ ተመለሰ። ኮረብቴ በማስታወሻው ቦታ «ምክንያት፦ አይጥ» ብሎ ጻፈ። እሷ ከሥሩ «አይጧ የቅጥር ደብዳቤ አላት?» ብላ ጠየቀች። ጥቂት ቆይቶ «ከእኔ በፊት ነው የተቀጠረችው። እንዲያውም አለቃዬ ናት» የሚል መልስ መጣ። ጆሮ ብቻዋን በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ በኋላ አላርም በጮኸ ቁጥር ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይጽፉ ጀመር። በየጠዋቱ መስመሩን ለመፈተሽ እሷ በማይክሮፎን ከአንድ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ እሱ ኮረብታው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። አንድ ቀን «ሰባት ላይ ስትደርሺ ለምን ፈገግ ትያለሽ?» ሲል ጻፈ። «ፈገግታም አላርም አለው እንዴ?» አለችው። «አለው። እኔ ጋ ነው የሚጮኸው» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ማዳመጫዋን አውልቃ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች። እንደ ምድጃ ይግል ነበር።

ፊት ለፊት ብዙ አልተያዩም። አንድ ጊዜ ብቻ ለቁጥጥር ወደ ኮረብታው ወጥታ ከሰዓቱን በሙሉ በኬብል መካከል ተቀምጠው ዋሉ። ከብሎን፣ ከሶኬትና ከዝናብ ሌላ አንድም ነገር አላወሩም። እሱ ማዳመጫውን አቀብሏት አንድ ድምፅ አብረው ሲሰሙ ግን ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ማንም ዓይኑን ቀድሞ አልሰበረም። ስትወርድ «ነገም ትቆጥሪያለሽ አይደል?» አላት። «ሥራዬ ነው» አለችው። ቁልቁለቱን እስክትጨርስ በዚያ መልሷ ራሷን ስትሳደብ ወረደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝም አለ። ማስታወሻዎቹ ሁሉ «ታይቷል» ብቻ ሆኑ። አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። የዘበኛ ልጅ መሆኔን አሁን ነው በደንብ ያሰበው አለች በልቧ። በመጨረሻ ኩራቷን ውጣ «ዛሬ ሰባት ላይ ፈገግ አላልኩም። ሰምተሃል?» ብላ ጻፈችለት።

«ታይቷል» የሚል መጣ።

አላለቀሰችም። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰው ፊቷን እንዳያይባት ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ሥራዋን ቀጠለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትቆጥር ድምፅዋ እንደ ማሽን ደረቅ ሆነ።

ዝምታው ወር ሲሞላው ያ የዝናብ ቀን መጣ። ከከተማው በላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ጣቢያው ከወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች ከፍ ወዳለ ቦታ እንዲወጡ በቀጥታ እየተናገረ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ዋናው መስመር ተቋረጠ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ መተካት የነበረበት ተጠባባቂ መስመር አልተካም። ጆሮ ያንን መስመር ስትመረምር ከጠዋት ጀምሮ የሞተ ሆኖ አገኘችው፤ አላርሙ ግን አልጮኸም ነበር። እንዴት እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ግንኙነቱን በእጇ፣ ከዜሮ ጀምራ፣ ቁጥር በቁጥር መልሳ አቆመችው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ግን ብዙ ቤተሰብ ማስጠንቀቂያውን የሰማው ውሃው ደጃፉ ከደረሰ በኋላ ነው። እናቶች ልጅ ታቅፈው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሄደዋል። ከሦስት ቀን በኋላ በቴክኒክ ኃላፊው ፊርማ የእገዳ ደብዳቤ ደረሳት። ቦታዋን ለቃ ስለነበር አላርሙን አልሰማችም ይላል።

የሳጥኑ መዝገብ እውነቱን እንደያዘ ጆሮ ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች። ነገር ግን መዝገቡ ከተከፈተ ማስታወሻዎቻቸውም አብረው ይነበባሉ። የኃላፊውን ልጅ በመሣሪያ ያጠመደች የዘበኛ ልጅ ትባላለች፤ እሱም በአባቱ ፊት ይዋረዳል። ዝም ያላትን ሰው ማዋረድ አንጀቷ እምቢ አላት። ስለዚህ በመከላከያ ደብዳቤዋ ከግቢው እንዳልወጣች የበሩ መዝገብ ይመስክር ብላ ብቻ ጻፈች።

ወደ ስብሰባው ክፍል ስትገባ ሰብሳቢዋ፣ የሰው ኃይል ሹሙና የቴክኒክ ኃላፊው ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ጫፍ፣ የሌላኛው ሳጥን ባለሙያ ተብሎ የተጠራው ኮረብቴ አለ። ከስቷል። ዓይናቸው ሲገጥም ቀድማ የሰበረችው እሷ ናት።

ኃላፊው አንድ ወረቀት አቀረቡ። የዚያ ቀን የአላርም ዝርዝር ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት በፊት አንድም አላርም የለበትም። ይህ ማለት ተጠባባቂው መስመር ጤነኛ ነበር፣ ራሱ ካልተካ በእጅ ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት አሉ። ያላዞረችው ከግቢው ወጥታ ስለነበር ነው፤ ደግሞም የዚያ ቀን ብቻ አይደለም፣ ሦስት ወር ሙሉ ሥራዋ ደካማ ነበር ሲሉ አከሉ።

ሰብሳቢዋ ዘበኛውን አስጠሩ። የጆሮ አባት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መዝገቡን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ገቡ። ገጹን ገልጠው አነበቡ፤ ያን ቀን ጠዋት ገብታለች፣ እስከ ምሽት አልወጣችም።

«አባቷ ነህ» አሉ ኃላፊው። «አንተ የጻፍከውን ማን ያምናል?»

የጆሮ አባት መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእርስዎንም መግቢያ የጻፍኩት በዚሁ እጅ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ኮፍያቸውን ግን ጨምድደው ይዘውታል።

ጆሮ ያንን ኮፍያ አየችው። ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ መሸከም ትችል ነበር። ይህን ግን አልቻለችም። ብድግ አለች።

«የአባቴ ቃል መብቃት ነበረበት» አለች። «ካልበቃ የሳጥኑ የግንኙነት መዝገብ ይታተም። የአላርም ዝርዝር የሚጽፈው የጮኸውን ብቻ ነው። አንድ ሰው ድምፁን ከዘጋው አላርሙ እዚያ ላይ አይታይም። የግንኙነት መዝገቡ ግን የሚዘለው ነገር የለም።»

ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ተቅበጠበጡ። የሦስት ወር መዝገብ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው አሉ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አስተካክለው የሦስት ወር ድክመት ያሉት እርስዎ ነዎት፣ እንግዲያው የሦስት ወሩን እናያለን ብለው እንዲታተም አዘዙ። ወረቀቱ መጣ። ምልክቶቹን የሚያውቀው ባለሙያው ስለሆነ ኮረብቴ እንዲያነብ ተሰጠው።

ኮረብቴ ማንበብ ጀመረ። ተገናኝቷል። ተቋርጧል። ተገናኝቷል። አይጧ ጋ ሲደርስ ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ቀጥሎ ያለውን ዓይኑ አይቶ ድምፁ ቆመ። የሰው ኃይል ሹሙ አጎንብሶ አየና ማስታወሻዎቹን ዝለላቸው፣ የሚያስፈልገን ሰዓቱ ብቻ ነው አለው። ጆሮ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ጨብጣ ዝለለው፣ እባክህ ዝለለው ስትል በልቧ ለመነች።

«አይዘለልም» አለ ኮረብቴ። «የእኔ ጽሑፍ ነው። አባቴም ይስማው።»

አነበበው። ስለ ሰባት ቁጥር የጻፈውን፣ ስለ ፈገግታዋ አላርም የጻፈውን፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ጥርት አድርጎ አነበበ። ኃላፊው እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ። እሱ ግን ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አባቱን አያቸው።

«ከዚህ በኋላ ያለው ‹ታይቷል› ብቻ ነው» አለ። «ለምን እንደሆነ ልናገር። በሩ ላይ ሄጄ ልጅዎን እወዳታለሁ ብዬ ለአባቷ ነገርኳቸው። ‹አባትህ ሳያውቅ ለልጄ አትጻፍላት፤ ልጄ በድብቅ የምትወደድ ሰው አይደለችም› አሉኝ። ቃል ገባሁ። ለአባቴ ለመንገር ግን አርባ ቀን ፈራሁ። በፍርሃቴ እሷን ቀጣሁ።»

ጆሮ ወደ አባቷ ዞረች። ግድግዳውን ተጠግተው መሬት መሬት ያያሉ። አርባ ቀን ሙሉ ንቆኛል ስትል የገነባችው ግንብ በአንዴ ሲናድ ተሰማት፤ ከፍርስራሹ ሥር የወጣው ደግሞ ደስታ ይሁን ቁጣ መለየት አቃታት።

ኮረብቴ ቀጠለ። የዝናቡ ቀን ላይ ደረሰ። የመጀመሪያውን መስመር አየና ማንበቡን አቆመ። ወረቀቱ በእጁ ውስጥ ተጨማደደ።

«እኔ ላንብበው» አለችው ጆሮ ቀስ ብላ። ከአርባ ቀን በኋላ የነገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ምን እንዳየ ገብቷታል፤ ልጅ አባቱን በራሱ አፍ እንዲያጋልጥ አልፈለገችም። እሱ አይሆንም ሲል ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ጊዜ ኃላፊው ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከልጃቸው ወሰዱ።

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ» ሲሉ አነበቡ። «ተጠባባቂ መስመር በትእዛዝ ተቋርጧል። የአላርሙ ድምፅ ተዘግቷል። ትእዛዙ የተሰጠው ከቴክኒክ ኃላፊው ቢሮ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ።»

ያን ቀን እንግዶች ነበሯቸው። አዲስ መሣሪያ ሊያሳዩአቸው መስመሩን ለአንድ ሰዓት ወስደው መመለሱን ረሱት። ያስታወሱት የእገዳውን ደብዳቤ በፈረሙ ማግስት ነው። በዚያ ቀን መናገር ይችሉ እንደነበር፣ ሠላሳ ዓመት የገነቡትን ስም በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ማቆየት እንደቀለላቸው አንድም ቃል ሳያለዝቡ ተናገሩ። ከዚያ የቀረችውን መስመር አነበቡ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሦስት፤ ከስቱዲዮ በእጅ ተገናኝቷል። ከጎኑ ልጃቸው የዚያኑ ቀን የጻፈው፣ ጆሮም ‹ታይቷል› ነው ብላ እስከዚያች ደቂቃ ያላየችው ማስታወሻ ነበር።

«‹ያዳነችው እሷ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን መስመሩ እስከ ማታም ባልተመለሰ ነበር።›» ኃላፊው ይህንን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ወረቀቱን አስቀምጠው ወደ ዘበኛው ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንተ ሲሏቸው ከኖሩት ሰው ፊት ለፊት ቆሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሏቸው። «ቃልዎን አቃለልኩ።»

የጆሮ አባት ኮፍያቸውን አንድ ጊዜ አገላበጡት። «የእኔን ይተዉት» አሉ። «የተበደለችው እሷ ናት። ይቅርታውን እሷን ይጠይቋት።»

ኃላፊው ወደ ጆሮ ዞሩ። የፊታቸው ኩራት ወርዶ ሌላ፣ ከፊተኛው የሚከብድ ኩራት ተተክቶበታል። ይቅርታ ጠየቋት።

«ከወንዙ ዳር ያሉትን ሰዎችም ይቅርታ ይጠይቁልኝ» አለች። «በሬዲዮ። እኔ መስመሩን እጠብቃለሁ።»

ኃላፊው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ። ሰብሳቢዋ እገዳው መነሳቱን ሲያስታውቁ ጆሮ አልሰማችም ማለት ይቻላል። አባቷን ነበር የምታየው። ኮፍያቸውን መልሰው ሲያደርጉ ትከሻቸው እንዴት ሰፊ እንደሆነ እስከዚያ ቀን ልብ ብላ አታውቅም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ኮረብቴ ተከተላት። ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።

«አርባ ቀን» አለችው። «ሁለት ወንዶች በሩ ላይ ቆማችሁ ስለ እኔ ቃል ተለዋወጣችሁ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።»

አጥፍቻለሁ አለ። ሰበብ አልደረደረም። አባቷም ቤት ስትገባ ከእሷ እንደማያመልጡ ነገረችው፤ ይህን ስትል ከንፈሯ ጫፍ ላይ ያመለጣትን ፈገግታ እሱ አየ።

«አሁንስ ልጠይቅሽ?» አላት።

«ጠይቀኝ። ግን ሰው እየሰማ።»

የስብሰባው ሰዎች ከበሩ እየወጡ ነበር። የቀረጻ ክፍል ሰዎች በር ከፍተው አንገታቸውን አሾልከዋል። ከኋላቸው አባቱ፣ ከአባቱ ኋላ አባቷ አሉ። ኮረብቴ ድምፁን አልቀነሰም።

«እወድሻለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ ዓይን መሬት ያስገባት ነበር። አሁን አንዱም አልከበዳትም። በልመና ያገኘችው ነገር የለም፣ የደበቀችው ነገር የለም፣ አንገቷን የሚያስደፋት ነገር የለም። ይህን ስታውቅ ደረቷ ሰፋ፤ መልሷን ከአፏ ለማውጣት አልቸኮለችም። በሕይወቷ የራሷ የሆነች ደቂቃ ብትኖር ይህች ናትና ጥቂት አቆየቻት፤ የሚጠብቋትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ በመጨረሻም እሱን።

«እኖራለሁ» አለች። ድምፅዋን ራሷ ሰማችው፤ ኮራችበትም።